ፊትን ማወቅ ሰውን ማወቅ አይደለም

«ንጹሕ ሰው ፎቶግራፉ በፖሊስ መዝገብ ቢገባ ምን ይጐዳዋል? የሚፈራ ቢኖር ጥፋተኛ ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች በየዘመኑና በየአገሩ አሉ። ነገሩን ሲሰሙት የብልኅ ንግግር ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ያስለቀሰ የችኰላ ፍርድ ሆኖ ይገኛል። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ይህን አነጋገር ለመቃወም ነው። መቃወሜም ባዶ ቃል እንዳይሆን፣ ፎቶግራፍ በፖሊስ እጅ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረገውን ለምስክርነት እጠራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ የክርክሬን ፍሬ ልናገር። ፎቶግራፍ የሰውን ፊት እንጂ የሰውን ሐሳብ አያነሣም። ከፎቶግራፉ ሥር «ይህ ሰው አደገኛ ነው» ብሎ የሚጽፈው መሣሪያው አይደለም፤ ሰው ነው። ሰውም ይሳሳታል፤ ይፈራል፤ ይቀየማል፤ አለቃውን ደስ ለማሰኘት ይቸኩላል። መንግሥት ሰው ስለ ሠራው ሥራ ይዞ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። ሰውን ስለ ሐሳቡ ብቻ በመዝገብ አስሮ ማኖር ግን መብቱ አይደለም። ነገሬ ይህ ነው።

ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጸው በ1839 በፓሪስ ነው። ከዚያ በፊት መልኩን የሚያስለው መኰንንና ባለጸጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ሰፊውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ አጣቢዋም መልካቸውን ለልጆቻቸው መተው ቻሉ። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሰው ለፍቅር ብሎ የሚሠራው ነገር ለጠብም መዋሉ አይቀርምና፣ ብዙ ዓመት ሳይቈይ ፎቶግራፍ የወንጀል መርማሪ መሣሪያ ሆነ።

በ1871 ፈረንሳይ በፕሩስያ ጦር ከተሸነፈች በኋላ የፓሪስ ሕዝብ በማርች 18 ቀን ተነሣ፤ መንግሥቱም ወደ ቬርሳይ ሸሸ። ሕዝቡ «ኮሙን» የሚባለውን የራሱን የከተማ አስተዳደር አቆመ። ኮሙን የቈየው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። በነዚያ ሁለት ወራት ግን ሰዎቹ በየመንገዱ በሠሩት ምሽግ ላይ እየቆሙ፣ ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ፣ ደስ እያላቸው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። በሜይ 16 ቀን በቫንዶም አደባባይ የነበረውን የናፖሌዎንን ዐምድ ገርስሰው በጣሉት ጊዜም ብሩኖ ብራክኤ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በወደቀው ሐውልት አጠገብ የተሰበሰበውን ሕዝብ አነሣው።

አምስት ቀን ሳይሞላ የቬርሳይ ጦር ከተማይቱን ሰብሮ ገባ። ከሜይ 21 እስከ 28 ድረስ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ተገደለ፤ የታሰረውም አርባ ሺሕ ያህል ነው። ያን ጊዜ በደስታ ቀን የተነሡት ፎቶግራፎች የማሳደጃ መሣሪያ ሆኑ። ፖሊስ እየሰበሰበ ፊት ለፊት ያስተያይባቸው ጀመር። እስኪ አስቡት፤ በዐምዱ አጠገብ ከቆሙት መካከል ገመዱን የሳበ ሊኖር ይችላል፤ ጩኸት ሰምቶ ሊያይ የመጣ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ገበያ ሲሄድ መንገድ የተዘጋበትም ሊኖር ይችላል። ፎቶግራፉ ሦስቱንም በአንድ ብርሃን ያሳያል። «ይህ ሰው በዚያ ነበረ» ይላል፤ «ለምን ነበረ» ለሚለው ጥያቄ ግን አፍ የለውም።

ከዚህም የባሰ አለ። ኧዤን አፔር የተባለ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ በቬርሳይ ወህኒ ቤቶች እየገባ እስረኞቹን ያነሣ ነበር። ይህ ሰው በኋላ «የኮሙን ወንጀሎች» ብሎ የሸጣቸውን ሥዕሎች ሠራ። እንዴት እንደ ሠራቸው ልንገራችሁ፤ ተዋናዮችን ቀጥሮ ድርጊቱን ያስመስላል፤ ከዚያ በኋላ የእውነተኞቹን ሰዎች ራስ ከሌላ ፎቶግራፍ ቈርጦ በተዋናዮቹ አንገት ላይ ይለጥፋል፤ ለጥፎም እንደ ገና ያነሣዋል። ገዢው ሕዝብ ግን በዐይኑ ያየ መስሎት አመነ። «ዐይኔ አይቶ ልቤ እንዴት ይጠራጠር» የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። እጅ ያልገባበት ፎቶግራፍ የለም፤ ቢያንስ የት ቆሞ፣ መቼና ለማን እንዲነሣ የወሰነው እጅ አለ።

አሁን ወደ ታወቀው ሰው ወደ አልፎንስ ቤርቲዮን እንለፍ። ቤርቲዮን በ1879 በፓሪስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጠረ። በዚያ ያገኘው በአሥር ሺሕ የሚቈጠር የተዝረከረከ ፎቶግራፍ ነው፤ አንዱ በብርሃን፣ አንዱ በጨለማ፣ አንዱ ተኰሳትሮ፣ አንዱ አንገቱን አዙሮ የተነሣ። ወንጀለኛው ስሙን ለውጦ በመጣ ጊዜ ከዚያ ክምር ውስጥ ፊቱን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ቤርቲዮን የቁመትን፣ የራስን፣ የጆሮን፣ የእግርንና የጣትን ርዝመት፣ በጠቅላላው ዐሥራ አንድ ልክ እየወሰደ በካርድ ላይ ጻፈ፤ ካርዶቹንም በልካቸው ቅደም ተከተል በመሳቢያ ደረደረ። ፎቶግራፉም በአንድ ዐይነት ብርሃንና ርቀት፣ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ በጐን እንዲነሣ ደነገገ። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ያሉ ፖሊሶች እስረኛን ፊት ለፊትና በጐን የሚያነሡት ከዚህ ሰው ተምረው ነው።

ለባላጋራዬ የሚገባውን ልስጥ። ይህ ዘዴ ጠቅሟል። በማርች 1892 በፓሪስ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ በሚኖሩባቸው ቤቶች ቦምብ ያፈነዳው፣ ራቫሾል የሚባለው አናርኪስት ማን እንደ ሆነ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። አናርኪስቶች የሚባሉት መንግሥት የሚባል ነገር ሁሉ ይቅር የሚሉ ናቸው። አንድ የምግብ ቤት አሳላፊ በንግግሩ ተጠራጥሮ፣ በእጁ ላይ ባለው ጠባሳ ለይቶ አስያዘው። ቤርቲዮን ልኩን በወሰደ ጊዜ፣ ቀደም ብሎ በሴንት ኤትዬን ከተማ ከተወሰደው ከሌላ ሰው ስም ልክ ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው በ1891 ብቻውን ይኖር የነበረ ሽማግሌ ባሕታዊ ገድሎ ገንዘቡን የዘረፈ ነበር። ነፍሰ ገዳይ በመያዙ የሚያዝን ልብ ጤነኛ ልብ አይደለም። እኔም ስለ ራቫሾል አልከራከርም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ራቫሾል የተያዘው ስለ ሠራው ሥራ ነው። ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዲሴምበር 1893 በፈረንሳይ ምክር ቤት ውስጥ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ጁላይ 1894 ድረስ ሦስት ሕጎች ተደነገጉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው «የክፋት ሕጎች» አሏቸው። ቦምብ መወርወር ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ማወደስና ከሰዎቹ ጋራ ማኅበር መግጠምም ወንጀል ሆነ። ፖሊስ በየቤቱ እየገባ አናጢውን፣ ጫማ ሰፊውን፣ ልብስ ሰፊዋን እያወጣ በቤርቲዮን ወንበር ላይ አስቀመጠ። በካርዱ ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ዕድሜው ይጻፋል፤ የትውልድ አገሩና ሙያው ይጻፋል፤ ስለ ምን እንደ ተያዘ በሚጻፍበት ስፍራ ደግሞ «አናርኪስት» የሚል አንድ ቃል ይሰፍራል። ይህ ቃል የምን ሥራ ስም ነው? «ሰረቀ» የሥራ ስም ነው፤ «ገደለ» የሥራ ስም ነው። «አናርኪስት» ግን የሐሳብ ስም ነው። እንግዲህ መስመሩ የታለፈው እዚህ ላይ ነው፤ የታለፈውም በጦር ሳይሆን በአንዲት የካርድ ቃል ነው።

በዚያው ዓመት ከተያዙት አንዱ ፌሊክስ ፌኔዮን የተባለ ሐያሲ ነው። በጦር ሚኒስቴር ጸሓፊ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱም የፈንጂ መቀስቀሻ ተገኘ ተብሎ ተከሰሰ። ይህ የሚያስጠረጥር ነገር ነውና ሊመረመር ይገባ ነበር፤ ተመረመረም። በኦገስት 1894 ከሌሎች ጋራ ሠላሳ ሆነው በአንድ ችሎት ቀረቡ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ሥራን ከሐሳብ ለዩ፤ በስርቆት የተረጋገጠባቸውን ሦስቱን ፈረዱባቸው፤ ፌኔዮንንና ቀሩትን ግን ለቀቁ። ችሎቱ ለየ፤ መሳቢያው ግን አልለየም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የአገራችን ሰው። የፌኔዮን ፊት፣ ነጻ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም፣ ከዚያ ዘመን የተጠረጠሩ ሰዎች ፎቶግራፍ ጋራ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። የዳኛ ቃል ከችሎት ሲወጣ ይረሳል፤ የካርድ ቃል ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ ይናገራል።

«ንጹሕ ሰው ምን ይጐዳዋል?» ባዮች ይህን ሲሰሙ «ዕውቀት ስሕተትን ያርማል፤ ባለሙያዎቹ ይለያሉ» ይላሉ። እስኪ ባለሙያዎቹን እንያቸው።

ቼዛሬ ሎምብሮዞ በኢጣልያ የታወቀ ሐኪም ነበር። በ1876 ባወጣው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ ነው፤ ይህም በመንጋጋው፣ በጆሮውና በግንባሩ ይታወቃል ብሎ አስተማረ። በኋላም በቺካጎ ስለ ተፈረደባቸው አናርኪስቶች በአሜሪካ መጽሔት ሲጽፍ፣ ሰዎቹን በዐይኑ ሳያይ፣ ምስላቸውን ብቻ ተመልክቶ የወንጀለኛ ምልክት አገኘሁባቸው አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሜይ 4 ቀን 1886 በቺካጎ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ማን እንደ ወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስምንት ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አራቱ በ1887 ተሰቀሉ፤ አንዱ በወህኒ ራሱን ገደለ፤ ሦስቱ ታሰሩ። ከታሰሩት አንዱ ሚካኤል ሽዋብ በእስር ቤት ሆኖ ለሎምብሮዞ በዚያው መጽሔት መልስ ጻፈ። በ1893 ደግሞ የኢሊኖይ ገዢ አልትጌልድ መዝገቡን መርምሮ፣ ፍርዱ በአድልዎ የተሰጠ ነው ብሎ ሽዋብንና ሁለቱን ባልንጀሮቹን ፈታቸው። ታላቁ ሐኪም በፊታቸው ላይ ወንጀል አነበበ፤ ገዢው በመዝገባቸው ላይ ማስረጃ ፈልጎ አጣ። ለየትኛው ትፈርዳላችሁ?

ራሱ ቤርቲዮንም ከዚህ አልዳነም። በ1894 ሻምበል አልፍሬድ ድሬፉስ ምስጢር ለጀርመን ሸጠ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ የጽሕፈት ምርመራ ሙያው ያልሆነው ቤርቲዮን ተጠራ። የተገኘው ደብዳቤ የድሬፉስ እጅ ጽሕፈት ነው አለ። ጽሕፈቱ የማይመሳሰልበትን ስፍራ ባሳዩት ጊዜም፣ ድሬፉስ ሆን ብሎ የራሱን ጽሕፈት ራሱ አስመስሎ ጻፈ ብሎ ተከራከረ። ይህን አነጋገር አስተውሉት። ቢመሳሰል ጥፋተኛ ነው፤ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ ነው። አንድን ሰው አስቀድሞ ጥፋተኛ ያደረገ ልብ፣ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል። ድሬፉስ ወደ ሰይጣን ደሴት ተጋዘ። በ1904 ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት የቤርቲዮንን ስሌት መርምረው ዋጋ የለውም አሉ፤ በ1906 ድሬፉስ ነጻ መሆኑ በፍርድ ተረጋገጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን ንጋቱን በደሴት ላይ በሰንሰለት ታስሮ የጠበቀው ማን ነው? «ንጹሕ ሰው ምን ይጐዳዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በዚያ አገር ሴቶች የምርጫ መብት ይሰጠን ብለው ብዙ ዘመን ለመኑ፤ በኋላም ከነሱ አንዳንዶቹ መስኮት መስበርና ቤት ማቃጠል ጀመሩ። መስኮት መስበር ጥፋት ነው፤ ተፈርዶባቸው ታስረዋል። በወህኒ ግን ፎቶግራፍ አንነሣም ብለው ፊታቸውን ያዞሩ፣ ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ስለዚህ በ1913 መንግሥት ከሩቅ የሚያነሣ መነጽር አስገዝቶ፣ በለንደን በሆሎዌይ ወህኒ ቤት ግቢ ሲመላለሱ ሳያውቁ በስውር አስነሣቸው። በማንችስተር ሥዕሎች ሰብራ የታሰረችው ኤቭሊን ማኔስታ ፎቶግራፍ በተነሣች ጊዜ ደግሞ አንድ የወህኒ ቤት ጠባቂ አንገቷን በክንዱ ይዞ ነበር። ፎቶግራፉ ሲታደል ያ ክንድ የለም፤ በስፍራው የአንገት ልብስ ተሥሎበታል። ተመልካች የሚያየው አንዲት ሴት ወይዘሮ በፈቃዷ ቆማ ነው። ግፉ ከሥዕሉ ተፋቀ፤ ፊቷ ብቻ ቀረ።

በ1914 የነዚህ ሴቶች ፎቶግራፍ «ተጠንቀቁ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋራ ለሥዕል ቤቶች ታደለ። በ1918 ዕድሜያቸው ሠላሳ የሞላና ንብረት ነክ ሁኔታ ያሟሉ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ሴቶች ሁሉ ከወንዶች እኩል እንዲመርጡ ሕጉ ፈቀደ። ዛሬ እነዚያ የጥበቃ ፎቶግራፎች በለንደኑ ብሔራዊ የመልክ ሥዕል ቤት በክብር ተቀምጠዋል። የትናንቱ አደገኛ የዛሬ ባለ ታሪክ ሆነ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሥሩ የሚጻፈው ቃል ነው።

ይህን የሚያነብ ወጣት «እንግዲያስ ክፉው መንግሥት ነው፤ እኛ ሥልጣን በያዝን ጊዜ ይህ ሁሉ ይቀራል» ይል ይሆናል። ልጄ፣ አትቸኩል። የሩስያ ንጉሠ ነገሥት ምስጢራዊ ፖሊስ ኦኽራና አብዮተኞችን እያሳደደ ፊታቸውን በካርድ ያኖር ነበር፤ ሌኒን በ1895 በተያዘ ጊዜ ተነሥቷል፤ ስታሊንም ከአንድ ጊዜ በላይ ተነሥቷል። በካርድ የነበሩት ሰዎች በ1917 ባለሥልጣን ሆኑ። ካሜራውን ሰበሩት? አልሰበሩትም። በሞስኮ አጠገብ በቡቶቮ ከኦገስት 1937 እስከ ኦክቶበር 1938 ከሃያ ሺሕ በላይ ሰዎች ተረሽነዋል፤ ከመረሸናቸውም በፊት ፊት ለፊትና በጐን ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። ከነሱ መካከል ቄሱም፣ ገበሬውም፣ ሠራተኛውም አለ። ሰይፍ ባለቤቱን ስለ ለወጠ ስለቱን አይለውጥም። ስለዚህ ክርክራችን «በማን እጅ ይሁን» የሚል ብቻ አይሁን፤ «ወሰኑ የት ነው» የሚል ይሁን።

ወሰኑስ የት ነው? እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፖሊስ የሰውን ፊት በመዝገብ የሚያኖረው ስለ ተወሰነ ሥራ እንጂ ስለ ሐሳብ፣ ስለ ማኅበር ወይም ስለ ወዳጅነት አይሁን። ሁለተኛ፣ ዳኛ ነጻ ያወጣውን ሰው መዝገቡም ነጻ ያውጣው። ይህ ሕልም አይደለም፤ በ2012 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የለንደን ፖሊስ ያልተከሰሱ ሰዎችን ፎቶግራፍ እንዲሁ ይዞ ማኖሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ሦስተኛ፣ ሰውዬው በካርዱ ላይ የተጻፈበትን አይቶ «ይህ ሐሰት ነው» የሚልበት በር ይኑረው። ተከሳሽ የማያየው ክስ ክስ አይደለም፤ ሐሜት ነው።

«ይህ ሁሉ ከተጠየቀ ፖሊስ ወንበዴውን በምን ይይዛል?» ለሚለኝ፣ ራቫሾልን በምን ያዘው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያስያዘው ባደረገው ነገር ላይ የተመለከተ አስተዋይ ሰውና በቀድሞ ጥፋቱ የተወሰደ ልክ ነው። ለዚህ ሺሕ ጫማ ሰፊ በወንበር ላይ ማስቀመጥ አላስፈለገም።

ዛሬ መሳቢያው በመኪና ተተክቷል። መኪናው ከሚሊዮን ፊቶች መካከል አንዱን በቅጽበት መርጦ ያወጣል፤ በ2020 በአሜሪካ በዴትሮይት ከተማ አጠገብ አንድ ሰው መኪናው ከሌባ ጋራ አመሳስሎት ያለ ጥፋቱ በልጆቹ ፊት በሰንሰለት ታስሮ ተወስዷል። እናንተ ወጣቶች ደግሞ እንደ ፓሪስ ሰዎች በደስታችሁ ቀን ፊታችሁን በገዛ እጃችሁ ለዓለም ትበትናላችሁ። መደሰታችሁን አልነቅፍም። የምነቅፈው የሌላውን ፊት አይታችሁ ከሥሩ የምትጽፉትን ነው። ከሕዝብ መካከል የቆመ አንድ ሰው ምስል ታያላችሁ፤ ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ቆመ ሳትጠይቁ «ከሐዲ»፣ «ጠላት»፣ «የእገሌ ወገን» ብላችሁ ትጽፉና ለሺሕ ሰው ታሳልፋላችሁ። ደመወዝ የማይከፈለው ቤርቲዮን መሆናችሁ አይደለምን?

የፖሊስን መሳቢያ መዝጋት በእጃችሁ ላይሆን ይችላል፤ የራሳችሁን ብዕር መያዝ ግን በእጃችሁ ነው። በሰው ፊት ሥር የሠራውን እንጂ የጠረጠራችሁትን አትጻፉ፤ የሠራውንም ቢሆን ሳታረጋግጡ አትጻፉ። «ንጹሕ ሰው ምን ይጐዳዋል?» የሚል ሰው ባጋጠማችሁ ጊዜም እንዲህ ብላችሁ መልሱለት፦ ንጽሕናን የሚመሰክር ፊት የለም፤ ጥፋትንም የሚመሰክር ፊት የለም፤ የሚመሰክረው ሥራ ነው፤ የሚፈርደውም ዳኛ ነው።